አንደኛ ከስንት?



ዛሬ ስለ ቤዝቦል ልጽፍ ነው። አዎ፣ ስለ ቤዝቦል። «ቲቸር ደግሞ አሜሪካ ገብተው ፈረንጅ ሆኑ» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ግድ የላችሁም፣ ታግሳችሁ አንብቡት። ነገሩ የሚያርፈው የውጤት ካርዳችሁ ላይ በቀይ እስክሪብቶ እሞላት በነበረችው ቦታ ላይ ነው፦ ደረጃ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት የምሠራው ዋሽንግተን መሀል ከተማ፣ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። የቤዝቦል ወቅት ሲሆን ማታ ማታ ሬዲዮ ይከፈታል፤ ሬዲዮ ሲከፈት ደግሞ ክርክር አይቀርም። ተከራካሪዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ከላይ ካለው ሕንጻ የሚሠራ፣ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ ነጭ ጠበቃ ነው፤ መኪናውን ሊወስድ መጥቶ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ይሟገታል። ሁለተኛው የሌሊት ጥበቃው ነው፣ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ። ሦስተኛው አብረውኝ የሚሠሩ፣ እዚሁ ዋሽንግተን ተወልደው ያደጉ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ናቸው። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ። ትርጉሙን ስነግራቸው በጣም ደስ ስላላቸው አሁን ጥበቃውም ጋሼ ነው የሚላቸው።

የሚከራከሩት ሁልጊዜ በአንድ ነገር ነው። በዋሽንግተን ቤዝቦል ታሪክ ትልቁ ተጫዋች ማን ነው? አምስት ሰው በደረጃ ጻፍ ብትባል እነማንን ትጽፋለህ? እኛ አገር «ኃይሌ ነው ቀነኒሳ?» እያልን ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ እንደምንሟገተው ማለት ነው። በመጨረሻ ሲደክማቸው ወደኔ ዞሩ። «አንተ የሒሳብ አስተማሪ ነበርክ አይደል? አንተ ፍረድ» አሉኝ።

እኔም የተሰጠኝን የቤት ሥራ በቁም ነገር ያዝኩት።

ጨዋታውን ለማታውቁት ትንሽ ልበል። ገናን አስቡ። ዱላ አለ፣ ትንሽ ጠንካራ ኳስ አለች። ልዩነቱ፣ እዚህ አንዱ ቡድን ይወረውራል፣ ሌላው ይመታል። የሚወረውረው ፒቸር ይባላል። ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳሷን የሚቀበለው ካቸር ነው። መቺው ኳሷን አጥር አሻግሮ ከላካት ሆም ረን ሆነች ይባላል፤ ተዝናንቶ ሜዳውን ይዞራል። የመቺ ችሎታ ዋናው መለኪያ ደግሞ ከሞከረው ውስጥ ስንቱን አሳካ የሚለው ነው። ከ10 ሙከራ 3ቱን ያሳካ ጎበዝ ነው። ልብ በሉ፣ ሰባቱን ስቶ ነው ጎበዝ የተባለው! እኔ ክፍል ቢሆን 30 ከ100 ያመጣ ልጅ «ወላጅ ይዘህ ና» ይባል ነበር።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ።

የጠበቃው አንደኛ ዋልተር ጆንሰን ነው። ቤተስዳ አካባቢ ያላችሁ ወላጆች ስሙን ታውቁታላችሁ፤ በስሙ የተጠራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ልጆቻችሁ እዚያ ተምረውም ሰውየው ማን እንደሆነ ካልነገሯችሁ እኔ ልንገራችሁ። ጆንሰን ፒቸር ነበር። በ1907 በ19 ዓመቱ ዋሽንግተን መጥቶ፣ ሴናተርስ ለሚባለው የከተማዋ ቡድን እስከ 1927 ድረስ 21 የውድድር ዘመን ወረወረ። አንድም ቀን ሌላ ማሊያ አልለበሰም። 417 ጨዋታ አሸንፏል፤ በታሪክ ከእሱ የሚበልጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። ተጋጣሚውን አንድም ነጥብ ሳያስገባ የጨረሰባቸው ጨዋታዎች 110 ናቸው፤ ይህን እስካሁን የሚደርስበት የለም። ኳሷ ስትመጣ ድምፅዋ እንጂ መልኳ አይታይም ስለሚባል «ትልቁ ባቡር» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር።

ጠበቃውን ግን የሚያስለቅሰው ቁጥሩ አይደለም፣ 1924 ነው። ጆንሰን ለ17 ዓመት ደካማ ቡድን ተሸክሞ ከኖረ በኋላ፣ በ36 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋንጫቸው ፍጻሜ ላይ ደረሰ። («የዓለም» ይሉታል እንጂ የራሳቸው አገር ዋንጫ ነው፤ ተዉላቸው።) የጀመራቸውን ሁለት ጨዋታዎች ተሸነፈ። ሰባተኛው፣ የመጨረሻው ጨዋታ እኩል ለእኩል ሆኖ ሲመሽ፣ ከተቀመጠበት ተነስቶ በዘጠነኛው ዙር ገባ። አራት ዙር ሙሉ ምንም አላስገባም። በ12ኛው ዙር የዋሽንግተን መቺ የመታት ኳስ መሬት ላይ ነጥራ በተከላካዩ ራስ ላይ አለፈች። ጠጠር ነካች ይላሉ። በቃ፣ ዋሽንግተን ሻምፒዮን ሆነች። እስከ 2019 ድረስ ያ ብቸኛዋ ዋንጫ ነበረች፤ ጠበቃው እንዲህ ነው የሚቆጥረው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ።

የጥበቃው ልጅ ደግሞ «የሞተ ሰው አትቁጠሩብኝ፣ ያየሁትን ነው የማምነው» ባይ ነው። እሱ የሚያውቀው ናሽናልስን ነው። በ2016 በአንድ ጨዋታ 20 መቺ አስወጥቶ ሪከርዱን የተጋራውን ማክስ ሸርዘርን ይጠራል። በ2005፣ ቡድኑ እዚህ በመጣበት ዓመት ተመልምሎ፣ ጡረታ እስኪወጣ ሌላ ቤት ያላየውን ራያን ዚመርማንን ይጠራል፤ 284 ሆም ረን መትቶ በናሽናልስ ታሪክ ቀዳሚ ነው። በፍጻሜው ጨዋታዎች መሀል 21 ዓመት የሞላውን ሁዋን ሶቶን ይጠራል። በ2019 ቡድኑ ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን ተሸንፎ፣ ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ፣ ከዚያ እየተንፏቀቀ ወጥቶ ሂውስተን ድረስ ሄዶ ዋንጫ ያነሳው እነዚህን ይዞ ነው። ያን ሌሊት እኔም ሥራ ላይ ነበርኩ። የመኪና ጥሩንባ እስከ ንጋት አላቆመም። ቤዝቦል ምን እንደሆነ የማያውቁ የኛ ታክሲ ነጂዎች ሳይቀሩ ጥሩንባ ሲነፉ ነበር።

እዚህ ላይ ነው እንደ አስተማሪ «ቆይ፣ ጥያቄውን መጀመሪያ እናስተካክል» ያልኩት። «የዋሽንግተን ቡድን» ስትሉ የትኛውን ነው? ምክንያቱም አንድ ቡድን አይደለም እኮ። የጆንሰን ሴናተርስ ከ1960 ውድድር በኋላ ጓዙን ጠቅልሎ ሚኒሶታ ገባ። በ1961 በዚያው ስም ሌላ ቡድን ተመሠረተ፤ እሱም ከ1971 በኋላ ቴክሳስ ሄደ። ከዚያ 33 ዓመት ሙሉ ከተማዋ ቡድን አልነበራትም። የአሁኑ ናሽናልስ ደግሞ በ2005 ከካናዳ፣ ከሞንትሪያል የመጣ ነው። ስለዚህ በወረቀት ከሄድን ጆንሰን የሚኒሶታ፣ ዚመርማን የሞንትሪያል ልጅ ሊሆኑ ነው! ሁለቱም ተከራካሪዎች ይህን ሲሰሙ አንድ ላይ ጮኹብኝ። «በፍጹም! የዋሽንግተን ናቸው!»

በተለይ ጠበቃው ተቆጣ። በ1971 የመጨረሻው ቀን እሱ ልጅ ነበር። ሁለት ሜትር ከፍታ ያለው ፍራንክ ሃዋርድ የሚባል ግዙፍ መቺ ነበራቸው፤ ስታዲየሙ ላይኛው ፎቅ ላይ ኳስ እያሳረፈ፣ ያረፈችበት ወንበር ነጭ ቀለም የሚቀባለት። በዚያች የመጨረሻ ሌሊት እንኳን አንድ ሆም ረን መታ። ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ሰው ብቻ ሲቀረው፣ ዋሽንግተን 7 ለ5 እየመራች፣ ሕዝቡ አጥሩን ዘሎ ሜዳውን ሞላው። ሣሩን ነቅሎ፣ ምልክቱን ነቅሎ ለመታሰቢያ ወሰደ። ጨዋታው ተቋርጦ ድሉ ለኒውዮርክ ተሰጠ። ጠበቃው ያን ሌሊት በሬዲዮ እየሰማ እንዳለቀሰ ሲናገር ድምፁ ዛሬም ይቀየራል። «ቡድን ማለት ወረቀት አይደለም። ቡድን ማለት ከተማው ነው፣ ሜዳው ነው፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው» አለኝ።

«ጥሩ» አልኩት። «ያልከውን ያዝልኝ።»

ያን ጊዜ ጋሼ ፈገግ አሉ። ሲጠብቁት የነበረው ይሄንን ነዋ።

የጋሼ አንደኛ ጆሽ ጊብሰን ነው። ካቸር ነበር፣ የሚያስፈራ መቺም ነበር። የተጫወተው ግን ለሴናተርስ አይደለም። ሊጫወትም አይችልም ነበር፣ ጥቁር ስለሆነ። እስከ 1947 ድረስ ትልቁ ሊግ ጥቁር አያስገባም ነበር። ጥቁሮች የራሳቸውን ሊጎች አቋቁመው ነበር የሚጫወቱት፤ ኔግሮ ሊግ ይባሉ ነበር። ጊብሰን የሚጫወትለት ሆምስቴድ ግሬይስ የሚባል ቡድን ፒትስበርግ አጠገብ ካለች የብረት ፋብሪካ ከተማ የተነሳ ሲሆን፣ ከ1940 ጀምሮ ብዙ የቤት ጨዋታውን ዋሽንግተን ያደርግ ነበር። የት? እዚያው ሴናተርስ የሚጫወቱበት ግሪፊዝ ስታዲየም። ሴናተርስ ወደ ሌላ ከተማ ሲጓዙ ሜዳው ለግሬይስ ይከራያል። አንድ ሜዳ፣ አንድ ሣር፣ አንድ አጥር።

ይህ ሜዳ የት እንደነበረ ታውቃላችሁ? ዩ ስትሪት ላይ ክትፏችሁን በልታችሁ፣ በጆርጂያ አቬኑ ወደ ላይ ትንሽ ብትራመዱ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ታገኛላችሁ። ስንቱ የኛ ሰው የሚሠራበት፣ ስንቱ የሚታከምበት ሆስፒታል ማለት ነው። ስታዲየሙ በ1965 ፈርሶ ሆስፒታሉ የተሠራው እዚያ ቦታ ላይ ነው። የዋልተር ጆንሰን 1924ም፣ የጆሽ ጊብሰን ሆም ረኖችም አንድ መሬት ላይ ናቸው፤ ዛሬ በላያቸው ላይ አልጋ እየተገፋ ያልፋል።

የጋሼ አባት ከሁለቱም ጨዋታ አይቀሩም ነበር። ሴናተርስ ሲጫወቱ ጥቁር ተመልካች የሚቀመጠው በቀኝ በኩል ራቅ ብሎ ነበር፤ የተጻፈ ሕግ ሳይኖር ሁሉም የሚያውቀው ልማድ። ግሬይስ ሲጫወቱ ግን የፈለጉበት ይቀመጣሉ። «አባቴ እሑድ ከቤተክርስቲያን እንደወጣ፣ በሙሉ ልብሱና በባርኔጣው፣ ካቸሩ ጀርባ ሄዶ ይቀመጥ ነበር። በዚያው ሳምንት ከሩቅ ያየውን ሜዳ በቅርብ ያየው ነበር» አሉኝ። ግሬይስ በ1943፣ በ1944 እና በ1948 የኔግሮ ሊጎችን ዋንጫ አንስተዋል። እንግዲህ ጠበቃው «ከ1924 እስከ 2019 አንዲት ዋንጫ ብቻ» ሲል ጋሼ ለምን ጉሮሯቸውን እንደሚጠርጉ ገባችሁ?

ጊብሰን በጥር 1947 በ35 ዓመቱ ሞተ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ተሰልፎ በሩን ከፈተ። ሦስት ወር እንኳን አልሞላም ልዩነቱ። የዋሽንግተኑ ሴናተርስ ግን ከዚያም በኋላ ሰባት ዓመት ቆዩ፤ የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች ያሰለፉት በ1954 ነው፣ እሱም ከኩባ የመጣ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በግንቦት 2024 ትልቁ ሊግ ከ1920 እስከ 1948 የነበሩትን የኔግሮ ሊጎች ውጤት ከራሱ መዝገብ ጋር ቀላቀለው። ከ2,300 በላይ ተጫዋቾች በአንድ ቀን መዝገብ ገቡ። በማግስቱ የሁሉም ጊዜ ምርጥ መቺዎች ሰንጠረዥ ሲታይ፣ ለመቶ ዓመት ገደማ አንደኛ የነበረው ታይ ኮብ ሁለተኛ ሆኗል። አንደኛው ጆሽ ጊብሰን። በ1,000 ሙከራ 372፤ ኮብ 367። በ1943 ብቻውን ሲታይ ደግሞ በ1,000 ሙከራ 466፤ ይህም የአንድ ዓመት ሪከርድ ሆኗል።

ጋሼ ጋዜጣውን ይዘው መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው ዝም አሉ። ምንም አልተናገሩም።

ጠበቃው ግን ተናገረ፤ ደግሞም በጨዋ ደንብ ነው የተናገረው። «ኮብ ከ11,000 ጊዜ በላይ ነው የሞከረው። ጊብሰን የተመዘገበለት ከ2,500 በታች ነው። የሒሳብ ሰው፣ እነዚህ ይወዳደራሉ?» አለኝ።

ጥያቄው ትክክለኛ የሒሳብ ጥያቄ ነው። ተማሪዎቼ ታስታውሱ እንደሆን፣ 20 ጥያቄ ተጠይቆ 18 ያገኘና 100 ጥያቄ ተጠይቆ 88 ያገኘ ልጅ ማን ይበልጣል ብዬ አከራክሬያችሁ ነበር። በመቶኛ የመጀመሪያው ይበልጣል። ግን ጥያቄ ሲያንስ ዕድል ትገባለች፤ ብዙ ሲሆን ዕድል ትደክማለች። ስለዚህ ጠበቃው እውነት አለው።

እኔም እንዲህ አልኩት፦ «ጥያቄውን ያሳነሰበት ማነው?» ኮብ በዓመት 154 ጨዋታ ያለበት ሊግ ውስጥ ነበር። የጥቁሮቹ የሊግ ጨዋታ ከዚያ በጣም ያንሳል። የቀረውን ጊዜ ደሞዝ ለመክፈል በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ እየዞሩ፣ ከሠፈር ቡድን ጋር፣ ከፋብሪካ ቡድን ጋር ይጫወታሉ። ያ ሁሉ አይቆጠርም። የጊብሰን የዝና መዝገብ ጽሑፍ ወደ 800 የሚጠጋ ሆም ረን እንደመታ ይላል። በይፋ የተቆጠረለት ግን ከ200 በታች ነው። በ800 እና በ200 መካከል ያለው ልዩነት ተረት አይደለም፤ ያልተጻፈ ሕይወት ነው። የሊግ ጨዋታዎቹ መዝገብ እንኳን የተገኘው ሦስት አራተኛ ያህሉ ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ የድሮ የጥቁር ጋዜጦችን አንድ በአንድ እያገላበጡ ነው ያንንም ያወጡት።

እዚህ ላይ ነው የውጤት ካርዱ ትዝ ያለኝ።

ለ14 ዓመት ኮምቦልቻ ሳስተምር ካርድ ሞልቻለሁ። እንደምታስታውሱት የኛ ካርድ ደረጃን ብቻውን አይጽፍም። «1ኛ ከ64» ይላል። «ከ» የምትለዋ ፊደል ትልቅ ነገር ናት። ልጁ እቤት ሲገባ አባት የሚጠይቀውም ያንኑ ነው፤ «ስንተኛ ወጣህ?» ይላል፣ ቀጥሎ «ከስንት?»

አንድ ልጅ ነበረኝ፣ ሁልጊዜ 1ኛ ከ64። ቅዳሜ ገበያ ስወጣ እናቱ ጉልት ላይ አገኘኋቸው። ሽንኩርትና ቃሪያ የምትመዝነው ታላቅ እህቱ ናት። ሰው ከበቧታል። ሁለት ኪሎ ተኩል፣ ሦስት መደብ፣ ከመቶ ብር መልስ፣ ደግሞ ያቺ ሴትዮ ትናንት በዱቤ የወሰደችው ተቀንሶ… አንዱን ስትመዝን የሌላውን ሒሳብ ትናገራለች። እኔ በልቤ ልከተላት ሞከርኩ፣ ቀደመችኝ። ሰኞ ልጁን «እህትህ ጎበዝ ናት» ስለው፣ «እኔንም ሒሳብ ያስጠናችኝ እሷ ናት፣ ቲቸር» አለኝ። እሷ አራተኛ ክፍል ላይ ነበር ያቋረጠችው።

የልጁ አንደኝነት ውሸት ነው? አይደለም። ለፍቶበታል፤ ሽልማቱም ይገባዋል። ግን ያ 64 የሚለው ቁጥር ውስጥ እሷ የለችም። ፈተናው ክፍል ውስጥ ካሉት ማን እንደሚበልጥ ይናገራል፤ ከበሩ ውጭ ስላለው ምንም አይናገርም። ካርዱ አይዋሽም፣ «ከ64» ብሎ በግልጽ ጽፏል። እኛ ነን «አንደኛ» የሚለውን አንብበን «ከስንት» የሚለውን የምንዘለው።

የ417ቱ ድል፣ የ110ሩ ዜሮ፣ የኮብ 367፣ ሁሉም እውነት ናቸው። ሁሉም ግን «ከስንት» አላቸው። ጆንሰን በነበረበት ዘመን ሁሉ ፊቱ ቆሞ ዱላ እንዲያነሳ ያልተፈቀደለት ሰው ነበር። ይህ የጆንሰን ክንድ ጥፋት አይደለም። እንዲያውም የሚገርመው፣ ጊብሰንን አይቶ፣ ማንኛውም ትልቅ ቡድን 200,000 ዶላር ከፍሎ ሊገዛው የሚመኘው ካቸር ነው ብሎ የመሰከረው ዋልተር ጆንሰን ራሱ ነው። በ1939 ነው ይህ፤ ያኔ 200,000 ዶላር ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። የአንዱ ዝርዝር አንደኛ ለሌላው ዝርዝር አንደኛ መስክሮለት ነበር። ሁለቱ የሞቱትም በስድስት ሳምንት ልዩነት ነው፤ ጆንሰን በታኅሣሥ 1946፣ ጊብሰን በጥር 1947።

ፈረንጅ ላይ ብቻ እንዳልፈርድ ወደ ቤታችን ልምጣ። ምሩጽ ይፍጠር በ1976 ሞንትሪያል መሮጥ ነበረበት። አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ኦሎምፒኩን ስላቋረጠች ሳይሮጥ ቀረ። ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን 5,000ውንም 10,000ውንም ወሰደ። እኛ እስከ ዛሬ «ምሩጽ ቢኖር ኖሮ» እንላለን። ልክ ነን፤ «ከስንት?» ብለን እየጠየቅን ነው። ምሩጽ በ1980 ሞስኮ ሁለቱንም ወርቅ ሲያመጣ ግን አሜሪካና ሌሎች ብዙ አገሮች አልመጡም ነበር። ያኔስ? ያኔ ማንም ከኛ መሀል «ከስንት» አላለም፤ ከበሮ ነው የመታነው! የምሩጽ ወርቅ ግን በዚህ አይቀልም። የቪረንም አይቀልም። ጥያቄው ወርቅ ለመቀማት አይደለም። ባዶው መም ላይ ማን መቆም ነበረበት ብሎ ለማስታወስ ነው።

በላይነህ ዲንሳሞንም አስቡ። በ1988 ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ሪከርድ ሰበረ። በዚያው ዓመት ኦሎምፒክ ነበር። አገራችን ሴኡል አልሄደችም። የዓለም ፈጣኑ ሰው የኦሎምፒኩ ዝርዝር ውስጥ የለም።

እንግዲህ ፍርድ ተጠይቄያለሁና ፈረድኩ። ደንቤ ጠበቃው ራሱ የሰጠኝ ነው፦ ቡድን ማለት ከተማው፣ ሜዳው፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። በዚህ ደንብ ግሬይስ የዋሽንግተን ናቸው። ማምለጫ የለውም። ዝርዝሬ ይኸው፦

1ኛ ዋልተር ጆንሰን። 21 ዓመት በአንድ ከተማ፣ ብዙውን ጊዜ በደካማ ቡድን። በዚህ ሜዳ ላይ ብቻ በተሠራ ሥራ ከሄድን የሚስተካከለው የለም።

2ኛ ጆሽ ጊብሰን። በንጹህ ችሎታ ብቻ ብትጠይቁኝ አንደኛ እለው ነበር። ግን ግማሽ ሕይወቱ የፒትስበርግ ነው፤ ደንቤን ለምወደው ሰው ስል አላጣምም።

3ኛ በክ ሊነርድ። የጊብሰን የቡድን ጓደኛ፣ ለግሬይስ 17 ዓመት የተጫወተ። ከእድሜው በኋላ፣ አርባዎቹ ውስጥ ሳለ፣ ከትልቁ ሊግ ጥሪ ሲመጣለት «አሁንስ አርጅቻለሁ» ብሎ እምቢ ያለ ሰው። በ1972 ከጊብሰን ጋር በአንድ ቀን የዝና መዝገብ ገባ፤ እሱ በሕይወት ነበር፣ ቆሞ ተቀበለ።

4ኛ ማክስ ሸርዘር። በ2019 አንገቱ ተይዞ ከአልጋ መነሳት አቅቶት ነበር፤ ከሦስት ቀን በኋላ ሰባተኛውን ጨዋታ የጀመረው እሱ ነው።

5ኛ ራያን ዚመርማን። መጀመሪያ የመጣ፣ መጨረሻ የወጣ።

ውጤቱን ሳነብ ጥበቃው «ሶቶስ?!» ብሎ ሊጣላኝ ደረሰ። «ሶቶ ሄዷል፣ አድራሻውን ሲያስተካክል ይምጣ» አልኩት። ጠበቃው ስለ ፍራንክ ሃዋርድ አዘነ፤ ስድስተኛ ብዬ በእስክሪብቶ ከታች ጨመርኩለት፣ ሕፃን እንደሚባበል። በነገራችን ላይ የአሁኑ ስታዲየም ሦስት ሐውልት አቁሟል፤ የጆንሰን፣ የጊብሰንና የሃዋርድ። ሦስት ቡድን፣ ሦስት ዘመን። ጠበቃው የኔን ደንብ መቃወም ሲጀምር ጋሼ ይህንን አስታወሱት፣ ዝም አለ።

ጋሼን ደግሞ «ሁለተኛ ስላደረግኩት ቅር አለዎት?» አልኳቸው።

«ትንሽ ብሎኛል» አሉ። አይዋሹም። ከዚያ ወረቀቱን አንስተው እንደገና አነበቡት። «ግን በክርክር የሚሸነፍ ሰው እኮ ቢያንስ ክርክሩ ውስጥ ገብቷል። አባቴ በነበረበት ጊዜ ጆሽን ከጆንሰን ጋር የሚያነጻጽር ነጭ ሰው አልነበረም። አሁን ይሄ ጠበቃ በየማታው ከእኔ ጋር ሊሟገት ይመጣል። ይሟገት!»

እኔም የወሰድኩት ይህንን ነው። አንደኛ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ጣፋጭ ነው፣ ዕድሜ ልክ ያጫውታል። ከእሱ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ፦ ስሙ የተጠራው ከእነማን መሀል ነው? ስማቸው ላልተጠራ ሰዎች ሁልጊዜ አንደኝነትን መስጠት አንችልም። መዝገቡ የለማ፤ ያላየነውን ኳስ አየን ብንል ደግሞ እኛም ሌላ ውሸት እንጽፋለን። የምንችለው ነገር፣ ልክ እነዚያ አሮጌ ጋዜጣ የሚያገላብጡት ሰዎች እንዳደረጉት፣ ቁጭ ብሎ መፈለግ፣ ያገኘነውን መጻፍ፣ «ከስንት» የምትለዋንም ቦታ ባዶ አለመተው ነው።

አስተማሪ የሆናችሁ ተማሪዎቼ፣ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፣ በዚህ ሰኔ ካርድ ስትሞሉ «ከ» ላይ ስትደርሱ እስክሪብቶአችሁን ለአንድ አፍታ አቁሙ። መስከረም ላይ ተመዝግቦ ሰኔ ላይ የሌለው ማነው? ጭራሽ ያልተመዘገበውስ? በሠፈራችሁ ጉልት ላይ መልስ የምትሰጠዋ ልጅ ስንተኛ ክፍል ናት? ለደረጃው ሳይሆን ለሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ጠይቁ።

እናንተ ሌሎቻችሁ ደግሞ ዝርዝር ላኩልኝ። ስለ ቤዝቦል ግድ የላችሁም፣ የፈለጋችሁትን፦ የጊዮርጊስ፣ የቡና፣ የመቻል፣ የከተማችሁ ቡድን የምንጊዜም አምስት። በቴሌቪዥን ያልታየ፣ አባታችሁ ብቻ የሚያወራለት፣ በባዶ እግሩ የሚጫወት አንድ ሰው ካለ እሱንም አስገቡልኝ። የት እንደተጫወተ፣ ማን እንዳየው ጨምራችሁ ጻፉ። እኔ ቁጭ ብዬ አነባለሁ፣ እፈርዳለሁ፤ ጥበቃው፣ ጠበቃውና ጋሼም ይሰማሉ።

ግን አደራ፣ «አንደኛ እገሌ» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። ቲቸር የሚጠይቋችሁን ታውቃላችሁ።